የመብራት ሂሳብን ለመቀነስ ለወሎ ቤቶች የትኛው አማራጭ ይሻላል?

ኤሌክትሪክን በጥቅሉ «መብራት» ብለን መጥራታችን፣ ሂሳብ ለመቀነስ ባሰብን ቁጥር ዓይናችን መጀመሪያ አምፖል ላይ እንዲያርፍ አድርጎታል። መብራት ሄደ፣ መብራት መጣ፣ የመብራት ተከፈለ እያልን ስለኖርን፣ ልጆቻችንን የምንቆጣው ሰው በሌለበት ሳሎን ውስጥ በርቶ ስለቀረ አምፖል ነው፤ ጓዳ ውስጥ ከሚፈለገው በላይ ሲግል ስለሚቆየው ምጣድ ግን የሚናገር የለም። ደሴ በሚገኘው ቤታችን የቆጣሪውን ቁጥር ለአንድ ወር ጠዋትና ማታ እየጻፍሁ ስከታተል፣ የወሩን ሂሳብ የሚወስኑት ሙቀት የሚፈጥሩ ዕቃዎች መሆናቸውን በግልጽ አየሁ። ምጣድ፣ ምድጃ፣ የገላ ውሃ ማሞቂያ፣ ካውያና የክፍል ማሞቂያ በአንድ ወገን ቢሰለፉ፣ አምፖሉ፣ ቴሌቪዥኑና የስልክ ቻርጀሩ ተደምረው አጠገባቸው አይደርሱም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አማራጮቹን የማነጻጽረው ለእያንዳንዳቸው እኩል ቦታ እየሰጠሁ ሳይሆን፣ በሂሳቡ ላይ ባላቸው ክብደት መጠን ነው።

ልዩነቱን በብር ሳይሆን ቆጣሪው በሚቆጥርበት መለኪያ፣ በኪሎዋት ሰዓት የምገልጽበት ምክንያት አለኝ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፉ ለአራት ዓመታት በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ ከፍ እንዲል ስለተወሰነ፣ ዛሬ የምጽፈው የብር መጠን ከጥቂት ወራት በኋላ ያረጃል፤ ምጣዱ የሚበላው ኪሎዋት ሰዓት ግን ያው ነው። ከዚህ ጋር መታወቅ ያለበት ሁለተኛ ነገር የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፋፈለ መሆኑ ነው። የወሩ ፍጆታ ከ50፣ ከ100፣ ከ200፣ ከ300 ኪሎዋት ሰዓት እያለፈ በሄደ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ይጨምራል። በወር 210 የሚቆጥር ቤት አሥራ አምስት ኪሎዋት ሰዓት ቢቀንስ የሚጠቀመው የአሥራ አምስቱን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ወደ ታችኛው እርከን ይወርዳል። እንግዲህ ከምንም ነገር በፊት ባለፉት ሁለትና ሦስት ወራት የከፈላችሁባቸውን ደረሰኞች አውጥታችሁ የትኛው እርከን ላይ እንደቆማችሁ፣ ከወሰኑም ምን ያህል እንደምትርቁ ተመልከቱ።

አንድ ዕቃ ስንት እንደሚበላ ለማወቅ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። አዲሶቹ ቆጣሪዎች ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለች፤ አጠገቧም ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል በቁጥር ተጽፏል። ቁጥሩ 1000 ከሆነ፣ ሌላው ሁሉ ተነቅሎ አንድ ዕቃ ብቻ ተሰክቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ መቶ ጊዜ ብልጭ ካለች፣ ያ ዕቃ በሰዓት አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይበላል ማለት ነው። ማንኛውም የአምስተኛ ክፍል ልጅ ሊሠራው የሚችል ሂሳብ ነው፤ እኛም ቤት ቆጥሮ የሚነግረን ትንሹ ወንድሜ ነበር።

ምጣድ

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አብሲት የገባበት ሊጥ ኩፍ ብሎ ሲጠብቅ፣ እናታችን ምጣዱን ከማብራቷ በፊት ቆጣሪውን አየሁት፤ 3,412 ይላል። ምጣዱ ግሎ፣ በማሰሻው ተወልውሎ፣ የመጀመሪያው ሊጥ እስኪፈስበት ድረስ አሥራ ስምንት ደቂቃ ሄደ። በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ እንጀራ እንኳ ሳይወጣ ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት በላይ ተቆጥሯል። ሃያ ስምንተኛው እንጀራ ሰፌድ ላይ ሲያርፍ ቆጣሪው 3,419 ደርሶ ነበር። ይህ ሰባት ኪሎዋት ሰዓት ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት፣ ዘጠኝ ዋት የሆነ ኤልኢዲ አምፖል በየምሽቱ አምስት አምስት ሰዓት ቢበራ ይህንኑ ያህል ለመፍጀት አምስት ወር እንደሚያስፈልገው ማሰብ ይበቃል።

የቤት ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ስለሚስብ፣ በአጋገር ልማድ ላይ የሚደረግ ለውጥ ከማንኛውም ሌላ እርምጃ ይበልጣል። የመጀመሪያው ምርጫ ቶሎ ቶሎ ጥቂት ጥቂት መጋገር ወይስ አልፎ አልፎ ብዙ መጋገር የሚለው ነው። ስምንት እንጀራ ብቻ ለመጋገር ምጣድ ሲለኮስ ከጠቅላላው ፍጆታ ከሲሶ በላይ የሚሆነው ምጣዱን ለማጋል ብቻ ይውላል፤ ሃያ ስምንት ሲጋገር ግን የማጋያው ድርሻ ወደ አንድ ስድስተኛ ይወርዳል። በሳምንት አራት ጊዜ የሚጋግር ቤት ያንኑ ያህል እንጀራ በሁለት ጊዜ ቢጨርስ፣ በወር ስምንት ወይም ዘጠኝ ኪሎዋት ሰዓት ያተርፋል።

ይሁን እንጂ ይህ ምክር በመላው ወሎ በአንድ ዓይነት አይሠራም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ብርዱ ራሱ እንጀራውን ይጠብቀዋል፤ አራት ቀን ያለ ችግር ያድራል። ከደሴ ቁልቁል ሃያ አምስት ኪሎሜትር ያህል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ያው እንጀራ በሦስተኛው ቀን መሻገት ይጀምራል። ወደ ከሚሴና ወደ ቃሉ ቆላ ደግሞ የማሽላ እንጀራ ስለሚበዛ ችግሩ ሻጋታ ብቻ አይደለም፤ የማሽላ እንጀራ ሲያድር ቶሎ ይደርቃል፣ ይፈረፈራል። በእነዚህ አካባቢዎች የሚሻለው ሁለትና ሦስት ጎረቤቶች በአንድ ቀን በአንዱ ቤት ምጣድ ተከታትለው መጋገራቸው ነው። ምጣዱ አንዴ ከጋለ በኋላ የሁለተኛዋ ጎረቤት ሊጥ ማጋያ አይጠይቅም፤ ፍጆታውን እንደ እንጀራው ብዛት ተካፍሎ መክፈል ወይም በሳምንቱ ምጣዱን ማፈራረቅ ይቻላል። በወሎ ጉርብትና እንዲህ ያለው ነገር አዲስ አይደለም፤ ሊጥ የሚዋዋሱ ሰዎች ምጣድ መጋራት አይከብዳቸውም።

ሁለተኛው ምርጫ የምጣዱ ዓይነት ነው። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጠው ምጣድ ከሸክላው ሥር ሪዚስታንሱ (የሚግለው ሽቦ) ተዘርግቶ፣ ዙሪያው በላሜራ ታጥሮ፣ ከታች ባዶ የሆነ ነው፤ ስለዚህ ሙቀቱ ወደ እንጀራው ብቻ ሳይሆን ወደ ወለሉም ይሄዳል። ከሥሩና ከጎኑ ሙቀት የማያሳልፍ ነገር የተሞላበት፣ ሸክላው ሳሳ ያለና ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ምጣድ ዋጋው ከፍ ቢልም ቶሎ ይግላል፣ ሙቀቱንም ይይዛል። ስትገዙ ሻጩ ሃያ ደቂቃ እንዲያግለው ጠይቁና እጃችሁን ወደ ጎኑና ወደ ሥሩ አስጠጉ፤ እጃችሁን የሚያቃጥለው ሙቀት ሁሉ በየሳምንቱ የምትከፍሉበት ነው። አሮጌውን ምጣድ መጠገን ይሻላል ወይስ አዲስ መግዛት ለሚለው፣ እኔ ሪዚስታንሱን ተመልክቼ እወስናለሁ። የተቃጠለውን ቦታ እየቆረጡ በተደጋጋሚ የቀጣጠሉት ሪዚስታንስ ያጥራል፤ ሲያጥር ደግሞ የሚስበው ኃይል ይጨምራል፣ አንዱ ጎን እያረረ ሌላው ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ሁለት ጊዜ ከተቀጠለ በኋላ ሙሉውን መለወጥ ከሦስተኛ ጥገና ይረክሳል። ሸክላው ከተሰነጠቀ ግን በቶሎ ይለወጥ፤ ሊጡ በስንጥቁ ገብቶ ከሪዚስታንሱ ጋር ከተገናኘ ጋጋሪዋን ኤሌክትሪክ ሊይዛት ይችላል።

ሦስተኛው ምርጫ ሰዓቱ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ልብ አይለውም። ምሽት ላይ ሁሉም ቤት ሲያበራ ኃይሉ ይወርዳል፤ አምፖሉ ሲደበዝዝ የምናየው ለዚህ ነው። 220 ቮልት መሆን የነበረበት ወደ 180 ሲወርድ፣ 3.75 ኪሎዋት የነበረው ምጣድ 2.5 ኪሎዋት ብቻ ይሰጣል። ታዲያ ቆጣሪውም በዚያው ልክ ስለሚቀንስ ጉዳት የሌለው ይመስላል፤ ነገር ግን ሸክላው ረጅም ጊዜ እየቆየ ሙቀቱን ወደ አየር ስለሚለቅ፣ ለአንድ እንጀራ የሚወጣው ኃይል ይጨምራል፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። ከቁርስ በኋላ እስከ ቀትር ባለው ጊዜ መጋገር ከምሽት ይሻላል። የመጨረሻዎቹን አንድ ሁለት እንጀራዎች ምጣዱን አጥፍቶ በቀረው ግለት ማውጣት፣ ከዚያም ቆሎ መቁላት ወይም ድርቆሽ ማድረቅ ደግሞ ብዙ እናቶች ያለ መካሪ የሚያደርጉት ነው።

ምጣዱ ከ17 አምፔር በላይ ሊስብ ስለሚችል በተራ ሶኬትና በዲቫይደር መሰካት የለበትም። የሚግል ሶኬት ኃይል ያባክናል፣ ቤትም ያቃጥላል። ከብሬከር በቀጥታ የመጣ፣ ቢያንስ 4 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ለብቻው የተዘረጋ ሽቦ ይሁንለት።

በእንጨት መጋገርስ? በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎ ላይ በነበረበት ወቅት መብራት ሲጠፋ፣ ምጣድን በኤሌክትሪክ ብቻ የለመደ የከተማ ቤት ምን ያህል እንደተቸገረ ያየነው ነው። ለመጠባበቂያ የሚሆን ከተፈለገ በ1980ዎቹ በአገራችን የተሠራው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ፍጆታ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። እንጨት በገዛ ማሳው ላለው የገጠር ቤት ጥሩ ምርጫ ነው፤ እንጨት በሸክም ገዝቶ ለሚጠቀም የደሴ ነዋሪ ግን ዘወትር ቢጋግርበት ከኤሌክትሪኩ ይበልጥበታል፣ ጭሱም ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ ላለበት ቤት ደግሞ እንጀራ ገዝቶ መብላትን እንደ ስንፍና መቁጠር አይገባም፤ ለስድስትና ለሰባት እንጀራ ምጣድ ከማጋል ብዙ ጊዜ ይሻላል።

የገላ ውሃ

ከምጣድ ቀጥሎ የደጋውን ቤት ሂሳብ የሚያንረው ይህ ነው። ሃምሳ ሊትር የሚይዝ ቦይለር፣ በደሴ ቧንቧ የሚመጣውን ቀዝቃዛ ውሃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ ወደ 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ይህ በራሱ ብዙ አይደለም፤ ብዙ የሚሆነው ቦይለሩ ቀንና ሌሊት ተሰክቶ ሲቀር፣ ማንም ሳይታጠብበት እየቀዘቀዘ እንደገና ሲሞቅ ነው። ከመታጠቢያው ሰዓት በፊት አብርቶ፣ ቤተሰቡ ተከታትሎ ታጥቦ ማጥፋት ከተቻለ ቦይለር ለአምስትና ለስድስት ሰው ቤት ተገቢ ነው። ለአንድና ለሁለት ሰው ግን ውሃው ሲያልፍ ብቻ የሚያሞቀው ቅጽበታዊ ሻወር ይመረጣል፤ 5 ኪሎዋት የሚስበው ዓይነት ለስድስት ደቂቃ ቢበራ የሚበላው ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ነው። ችግሩ ሽቦው ላይ ነው፤ እንደ ምጣዱ የራሱን መስመርና የምድር ሽቦ ይጠይቃል፣ ውሃና ኤሌክትሪክ ስለሚገናኙም የምድር ሽቦው ነገር አይታለፍም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ቦይለሩ ባዶውን እንዳይበራ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉም ርካሹ በባልዲ መታጠብ ነው። አሥራ አምስት ሊትር ለብ ያለ ውሃ ለማዘጋጀት ከግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ያነሰ ይበቃል፤ ከቅጽበታዊው ሻወር ጋር ተቀራራቢ ሲሆን፣ አዲስ መስመር ግን አያስዘረጋም።

ጣሪያ ላይ የሚተከለው የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ሲገዛ ውድ ነው፤ ከተተከለ በኋላ ግን በበጋው የሚያስከፍለው ነገር የለም። ለወልድያና ለኮምቦልቻ ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። ለደሴና ለቦሩ ሜዳ ግን በክረምት ጉምና ዝናብ ለሳምንታት ፀሐይ ስለምትሸፈን ያለ ረዳት ማሞቂያ አይበቃም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ውርጭ ስለሚወርድም ቱቦዎቹ በደንብ መሸፈን አለባቸው። ኮምቦልቻ የሚኖር ሰው ይህንንም ላይፈልግ ይችላል፤ ጀሪካን ሞልቶ ከረፋዱ ጀምሮ ፀሐይ ላይ ማዋል ለብዙ ቀናት ይበቃዋል።

ወጥና ንፍሮ

በደሴ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ኮምቦልቻ 94 ይጠጋል። ባቄላና ሽምብራ ደጋ ላይ አልበስል የሚሉት ለዚህ ነው፤ እሳት መጨመር ውሃውን ቶሎ ያተነዋል እንጂ ከዚያ በላይ አያሞቀውም። ስለዚህ በደጋ ከሁሉ በፊት የሚገዛው ዕቃ አዲስ ምድጃ ሳይሆን በእንፋሎት የሚያበስለው ፕሬሸር ድስት ነው፤ በውስጡ ያለው ግፊት ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ እንዲሞቅ ስለሚያደርግ፣ ሁለት ሰዓት የሚፈጀው ንፍሮ በግማሽ ሰዓት አካባቢ ይደርሳል። እሱ ከሌለ እህሉን ከማታ ጀምሮ መዘፍዘፍ ያለ ምንም ወጪ ብዙ ጊዜ ይቆጥባል።

ከምድጃዎቹ መካከል ሪዚስታንሱ በግልጽ የሚታይበት የሸክላ ምድጃ ሲገዛ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ሙቀቱ በድስቱ ዙሪያ ይባክናል። ኢንዳክሽን ምድጃ ድስቱን ራሱን ስለሚያግል ከሁሉም ያነሰ ይበላል፤ ሆኖም የአልሙኒየም ድስትና የሸክላ ዕቃ አይሠራበትም። ወደ ሱቅ ስትሄዱ ትንሽ ማግኔት ያዙ፤ ከድስታችሁ ቂጥ ጋር የማይጣበቅ ከሆነ ድስትም አብራችሁ መግዛት ግድ ይሆናል። ኃይሉ በሚዋዥቅበት ሰፈር ደግሞ በውስጡ ያለው ኤሌክትሮኒክስ ቶሎ ይበላሻልና፣ መብራት ሲሄድ ከሶኬቱ መንቀል ልማድ ይሁን። ለሻይ ውሃ ከየትኛውም ምድጃ ይልቅ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ይበልጣል፤ ሙቀቱ በቀጥታ ወደ ውሃው ስለሚሄድ የሚባክነው ጥቂት ነው። የፈላውን በፔርሙስ ማኖር ደግሞ በቀን ሦስት ጊዜ ከማፍላት ያድናል።

የቡናውን ከሰል ከሂሳብ ጋር አላነጻጽረውም፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ የሚጠጣው ቡና የሚቆጠብበት ቦታ አይደለም። ሆኖም ከቡናው በኋላ የቀረውን ፍም ክፍል ለማሞቅ ብሎ በር ዘግቶ መተኛት ሰው ይገድላል። የከሰሉ መርዛማ ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም፤ በደሴ ብርድ ለዚህ የሚፈተን ሰው ብዙ ነውና አደራ።

የብርዱ ነገር

ሁለት ኪሎዋት የሆነ የክፍል ማሞቂያ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ቢበራ ስድስት ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ በየምሽቱ ትልቅ ጋገራ እንደማካሄድ ነው። ቆርቆሮው ባዶ በሆነ ቤት ውስጥ ደግሞ ሙቀቱ ቀጥታ ወደ ጣሪያ ወጥቶ ይጠፋል። ለማሞቂያ መግዣ የተያዘው ገንዘብ ለኮርኒስና ለበሩ ሥር ክፍተት መድፈኛ ቢውል፣ አንዴ ተከፍሎ ለዓመታት ያገለግላል። ጋቢና ወፍራም ብርድ ልብስ ላለው ሰው ማሞቂያው ሕፃን ወይም ሕመምተኛ ላለበት ክፍል ብቻ ይቆይ እላለሁ።

ፍሪጅ ስትገዙ ያገለገለ ትልቅ ከምትወስዱ አዲስ ትንሽ ይሻላችኋል። የበሩን ጎማ ለመፈተን ወረቀት በበሩ መሐል አድርጋችሁ ዝጉት፤ ሲሳብ ያለ ትግል ከወጣ ጎማው ለቋል። በደሴ ከጥቅምት እስከ ጥር ብዙ ቤት ፍሪጁን በዝቅተኛ ቁጥር ማስኬድ ይችላል። አምፖል ኤልኢዲ ይሁን፤ ስልሳ ዋት የሚበላው ቢጫ አምፖል ዛሬ የሚያዋጣበት ቦታ የለም። ካውያ በሳምንት አንዴ፣ የቤተሰቡ ልብስ ተሰብስቦ ይተኮስ። የፀሐይ ፓነል መብራት ሲጠፋ ለአምፖልና ለስልክ ጥሩ ነው፤ ምጣድ ያስነሳልኛል ብሎ ትንሹን የሚገዛ ግን ገንዘቡን ያባክናል።

የጋራ ቆጣሪ ወይስ የግል

ተከራይቼ በኖርሁበት አንድ ግቢ አራት ቤተሰቦች በአንድ ቆጣሪ እንጠቀም ነበር፤ ሂሳቡም በቤት ቁጥር ለአራት ይካፈል ነበር። እኔ ብቻዬን ነበርሁ፣ ምጣድም አልነበረኝም። ከሚሰማኝ ቅሬታ ይልቅ ያስገረመኝ ግን፣ አራታችንም ተደምረን የላይኛው እርከን ላይ ስለምንወጣ፣ አምስት ልጆች ያሏት ጎረቤቴም ለየብቻችን ብንቆጥር ከምትከፍለው በላይ መክፈሏ ነበር። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ የግል ቆጣሪ ማስገባት የመጀመሪያው ምርጫ ይሁን፤ ካርድ ቆጣሪ ሲሆን ደግሞ የቀረውን በየቀኑ ስለሚያሳይ ጋገራው ስንት እንደወሰደ ወዲያው ይታያል። ካልተቻለ ለእያንዳንዱ ቤት በኤሌክትሪክ ባለሙያ የሚገጠም የውስጥ ቆጣሪ አለ። የእርከኑን ጉዳት አያስቀርም፤ ነገር ግን ማን ስንት እንደተጠቀመ ስለሚለይ በወሩ መጨረሻ የሚነሳው ጭቅጭቅ ይቀራል፣ ምጣዱን ተራ በተራ ለመጠቀምም መነሻ ይሆናል። እኛ ግቢ ከተገጠመ በኋላ ያችው ጎረቤቴ ጋገራዋን ከሌላዋ ተከራይ ጋር ቅዳሜ ጠዋት ላይ አዛወረችው።